የኮራል መንጣት ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ ቤቴ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤቴ ከመደርደሪያዬ ላይ ነጭ ኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡትን ድንጋይ መሰል ነገር፣ አንስታ እያገላበጠች፣ «ነጣ የሚሉት ይህን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያው ሰሞን አንድ አስተያየት ሰጪ «የቀይ ባሕር ኮራል ነጥቷል፣ ማለትም ሞቷል» ብሎ የጻፈውን እሷም እኔም አንብበን ነበር። ይህን «ማለትም» ደጋግሜ ስላየሁት ዛሬ ልጽፍበት ተነሣሁ።

መደርደሪያዬ ላይ ያለው የነጣ ኮራል ሳይሆን አጽም ነው። ከዓመታት በፊት ጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ማዕበል አውጥቶት ያገኘሁት ነው። ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል፤ ፊቱን የሞሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ፖሊፕ የተባለችው ትንሽ እንስሳ ትቀመጥባቸው የነበሩ ናቸው። በነጣ ኮራል ላይ ግን እንስሳዋ ከነሥጋዋ አለች። ነጭ የሚመስለው ሥጋዋ እንደ ሽንኩርት ስስ ሽፋን ብርሃን ስለሚያሳልፍና ከሥሩ ያለው አጽም ስለሚታይ ነው፤ ማታ በማጉያ መነጽር ቀርቦ ያያት ሰው ጥቃቅን ክንዶቿን ዘርግታ ምግብ ስትፈልግ ሊያገኛት ይችላል።

የኮራል ቡናማ መልክ በአብዛኛው የሚመጣው በሥጋው ውስጥ ከሚኖረው አልጌ ከተባለ ደቃቅ፣ ተክል መሰል ሕያው ነው። ግንኙነታቸውን የእኛ አካባቢ ገበሬ በአንድ ቃል ይረዳዋል፦ እኩል አራሽ። ባለመሬቱ ኮራል መጠለያና ማዳበሪያ ይሰጣል፤ አራሹ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ምግብ አምርቶ ያካፍላል፤ ስሙ እኩል ይሁን እንጂ ካመረተው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለባለመሬቱ ይገባል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ የአራሹ ሥራ ይዛባና ሕዋስን የሚጎዱ የኦክስጅን ውሁዶች ማመንጨት ይጀምራል፤ ባለመሬቱም ከቤቱ ያስወጣዋል። መንጣት ማለት ይህ ስንብት ነው። ማሳው ጦም አደረ እንጂ ባለቤቱ አልሞተም፤ በጎተራው ያለው፣ ማለትም በሥጋው ያከማቸው ስብ፣ እስኪያልቅ ይቆያል፤ ሙቀቱ በጊዜ ከበረደለትም የቀሩት ጥቂት አልጌዎች ተራብተው ወይም ሌላ አራሽ ከባሕሩ ገብቶ ቀለሙ ይመለሳል። እርግጥ ምሳሌው የማይደርስበት ቦታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ (ኮራል በባሕር ውስጥ የገነባው አለት) ሰሜናዊ ክፍል ብዙ ኮራል በረኃብ እስኪያልቅ ሳይቆይ በሙቀቱ በራሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቷል።

አስተያየት ሰጪው «ፎቶውን በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። እኔም የምከራከረው እዚሁ ላይ ነው። የሞተ ኮራል ነጭ ሆኖ አይቆይም፤ ብዙም ሳይቆይ እንደ ክር የቀጠነ ሌላ አልጌ ይወርሰውና ቡናማና አረንጓዴ ጸጉር ያለብሰዋል። ስለዚህ ፎቶው ላይ እንደ ጥጥ ነጥቶ የሚታየው ኮራል ወይ በሕይወት አለ፣ ወይ ገና መሞቱ ነው፣ ወይም ኮራል በል የሆነው ባለ እሾህ የባሕር ኮከብ ሥጋውን ግጦ የተወው ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ስሕተት ነው፤ ከወራት በኋላ የተመለሰ ጎብኚ ቡናማውን አይቶ «አገግሟል» ብሎ ይጽፋል፤ ያየው ግን በመቃብር ላይ የበቀለ ሣር ነው።

በዚህ ምክንያት አጥኚዎች በአንድ ፎቶ አይፈርዱም። ኮራሉን በቁጥር ምልክት አድርገው ያንኑ ራሱን በየጊዜው ተመልሰው ያዩታል፤ ጥልቀት ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ካሜራ ያሳስታል፤ ስለዚህም የቀለም መለኪያ ካርድ ከጎኑ ይይዛሉ። የአልጌውን የፎቶሲንተሲስ (በብርሃን ምግብ የማምረት) ብቃት በብርሃን ምት የሚለካ መሣሪያም አለ፤ ነገር ግን ንባቡ የአራሹን እንጂ የባለመሬቱን ጤና አይናገርም፤ በነጣ ኮራል ውስጥ የቀሩት ጥቂት አልጌዎች ደኅና ከሆኑ ቁጥሩም ደኅና ሊመስል ይችላል።

ከሰማይ የሚለካውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በሳተላይት የባሕሩን የገጽታ ሙቀት ይለካና፣ በዚያ ቦታ እጅግ ሞቃት ከሆነው ወር አማካይ በ1 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያለፈውን ሙቀት የ12 ሳምንት ድምር ያወጣል። ድምሩ (ዲግሪው በሳምንቱ ቁጥር ተባዝቶ) 4 ሲደርስ ጉልህ መንጣት፣ 8 ሲደርስ ደግሞ ከባድ መንጣትና ሞት ይጠበቃል። 8 ማለት ውኃው በ8 ዲግሪ ሞቀ ማለት አይደለም፤ 2 ዲግሪ ለ4 ሳምንት ቢቆይም ድምሩ 8 ነው። ቃሉም «ይጠበቃል» ነው፤ የደረሰውን የሚያረጋግጠው ጠላቂ ነው። መነሻው የየቦታው የራሱ አማካይ በመሆኑ ደግሞ «የቀይ ባሕር ኮራል» ተብሎ በአንድ ቁጥር የሚነገር ነገር የለም፤ በደቡብ፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያለ ኮራል በየዓመቱ የለመደው ሙቀት በሰሜን ለአቀባ ባሕረ ሰላጤ እንግዳ የሆነ ሙቀት ነው።