ዲጂታል የመንገድ ካርታና የመገኛ መረጃ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ለካርታ የማይመች አገር ነው። በምሥራቅ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በምዕራብ ጀማና ገባሮቹ ሜዳውን ሰንጥቀውታል። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ይሄዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስልክ ላይ ጎረቤት የሚመስሉ ሁለት ቀበሌዎችን የግማሽ ቀን መንገድ ሊለያቸው ይችላል።

ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ የስልክ ጂፒኤስ ስህተት 5 ሜትር ገደማ ነው። ገደል ሥር ሲገባ ተራራው ሳተላይቶችን ይጋርዳል፤ ከድንጋዩ ተንጸባርቆ የሚመጣው ምልክትም ቦታውን ያዛባል። ጣሊያኖች በሠሩት የጣርማበር ዋሻ ውስጥ ምልክቱ ጨርሶ ይጠፋል። ከዚያ በታች ባለው ጠመዝማዛ ደግሞ መተግበሪያው መኪናውን በአቅራቢያው ወዳገኘው የመንገድ መስመር ስለሚጎትተው፣ ላይኛው እጥፋት ላይ ያለውን ታችኛው ላይ ያሳየዋል። የቆዩት የ1፡50,000 የወረቀት ካርታዎች ሌላ ጣጣ አላቸው፤ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው፣ ስልክ ከሚጠቀምበት በተለየ የቦታ መለኪያ መነሻ ስለሆነ፣ ከእነርሱ የተነበበ ቁጥር እንዳለ ስልክ ውስጥ ቢገባ ቦታውን 200 ሜትር ያህል ይስታል።

ይህ ሁሉ ግን ከመንገዱ ዓይነት ስህተት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው የኢንተርኔት ካርታ በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላ ሲሆን፣ ብዙው መስመር የሚሣለው ከሳተላይት ምስል ነው። ምስሉ በበጋ ከተነሣ የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ጠጠር መንገድ ደረቅና ቀና ሆኖ ይታያል፤ በሐምሌ ጭቃው አይሱዙ ይውጥ አይውጥ አይናገርም። ክረምት ከበጋ የሚያስኬደውን መንገድ ከበጋው መለየት የሚችለው መስመሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ የመናኸሪያ ወሬ እስከ ዛሬ ከስልክ ይበልጣል፤ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋ መንገድም ቀድሞ የሚሰማው እዚያው ነው።

መገኛን ማጋራት በአንጻሩ ቶሎ ተለምዷል። ቴሌግራም የቀጥታ መገኛን ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ወይም ለ8 ሰዓት፣ ወይም ባለስልኩ እስኪያጠፋው ድረስ ያጋራል። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ግን ነጥቡ የመጨረሻው ቦታ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ባለንብረቱም መኪናው ቆመ ብሎ ይቆጣል። ነጥቡ የታደሰበትን ሰዓት ማየት ይህን ጠብ ያስቀራል። ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ ሾፌሩን መከታተል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ለባለንብረቱ ፈቃድ ብቻ የሚተው አይደለም።