ባክአፕ ስክሪፕት ምንድን ነው?

ፋይል ኮፒ ማድረግ ማንም አያቅተውም። የሚያቅተው ማስታወሱ ነው። “ቅዳሜ አደርገዋለሁ” የተባለው ቅዳሜ መቼም አይመጣም፣ ዲስኩ ግን ቀን ሳይመርጥ ይበላሻል። ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) ስክሪፕት ይህን ሥራ ለማሽኑ የሚያሸክም አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። አንዳንዴ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ ይህን ፎልደር ውሰድ፣ እዚያ ዲስክ ላይ አስቀምጥ።

ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ኮፒውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ አርሲንክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ፕሮግራም። የሚወደደው ሁሉንም ከዜሮ ስለማይቀዳ ነው። የፋይሉን መጠንና የተቀየረበትን ሰዓት አይቶ ያልተነካውን ያልፈዋል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ሰዓታት ቢፈጅም ቀጣዮቹ በደቂቃዎች ሊያልቁ ይችላሉ። ዊንዶውስ ላይ ሮቦኮፒ አለ፣ መጫን እንኳን አያስፈልገውም። ሰዓት ጠብቆ የሚቀሰቅሳቸው ሊነክስ ላይ ክሮን፣ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ስኬጁለር ነው። ክሮን በተቀጠረበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከነበረ ያን ዙር ይዘለዋል። ማታ ማታ ላፕቶፕ የምታጠፉ ሰዎች ቀን ላይ ቅጠሩት።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አርሲንክ “ዲሊት”፣ ሮቦኮፒ “ሚር” የሚል አማራጭ አላቸው፤ ዋናውን ፎልደርና ባክአፑን መንታ ያደርጋሉ። ደስ ይላል፣ ንጹሕ ነው። ግን ማክሰኞ አንድ ፎልደር በስህተት ሰረዛችሁ እንበል። ማታ ስክሪፕቱ ተነስቶ ባክአፑ ላይ ያለውንም በታማኝነት ይሰርዘዋል። ሐሙስ ስትፈልጉት የትም የለም። ስለዚህ በየቀኑ የዕለቱን ቀን በስሙ የያዘ አዲስ ፎልደር መክፈት ይሻላል። ቦታ አይጨርስም ወይ? አርሲንክ ያልተቀየሩትን ፋይሎች እንደገና ከመቅዳት ይልቅ ወደ ትናንቱ ኮፒ በሃርድ ሊንክ (አንዱን ፋይል ሳይደግም በሁለት ቦታ በሚያሳይ ማያያዣ) ማያያዝ ይችላል፤ እያንዳንዱ ፎልደር ሙሉ ይመስላል፣ ቦታ የሚወስደው ግን የተቀየረው ብቻ ነው። ዲስኩ ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ከተደረገ ይህ አይሠራም፣ ኤክስፋት ሃርድ ሊንክ አያውቅም።

ሌላም አለ። ዲስኩ ሳይሰካ ስክሪፕቱ ቢነሳ፣ ሊነክስ ላይ የዲስኩን ስም በያዘው ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሊጽፍ ይችላል። ባክአፕ አለኝ ብላችሁ ትተኛላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውጫዊው ዲስክ ላይ አንዲት ባዶ ምልክት ፋይል አስቀምጡ፣ ስክሪፕቱ መጀመሪያ እሷን ይፈልግ፣ ካጣት ምንም ሳይነካ ይውጣ።