ኬልምስኮት ማነር፦ የዊልያም ሞሪስ የገጠር ቤት

ኬልምስኮት ማነር በእንግሊዝ ኦክስፎርድሽር፣ ቴምስ ወንዝ አጠገብ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ስሙን ያገኘው ካለበት ትንሽ መንደር ነው። ከ1570 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ የቆመ ሲሆን፣ ያሠሩት ተርነር የሚባሉ ደህና ኑሮ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ የመሳፍንት ግቢ አይምሰላችሁ።

ቤቱን ስመ ጥር ያደረገው ግን ተከራይ ነው። ዲዛይነሩ ዊልያም ሞሪስ በ1871 ከሰዓሊው ዳንቴ ጋብሪኤል ሮሴቲ ጋር ኪራዩን ተካፍሎ ገባ። ሮሴቲ የሞሪስን ሚስት ጄንን ይወድ ነበር፤ በ1874 ቤቱን ለቆ ሄደ። ሞሪስ ግን ሥራው ለንደን ቢሆንም፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ 25 ዓመት ተመላለሰበት። ቤቱ አንድም ቀን የራሱ ሆኖ አያውቅም። ሚስቱ ጄን የገዛችው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1913 ነው።

ሞሪስን በጣም ከማረኩት ነገሮች አንዱ ጣሪያው ነው። የተከደነው በጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ከታች ሰፋፊዎቹ ይደረደራሉ፣ ወደ ላይ ሲወጣ እያነሱ ይሄዳሉ። ሥርዓቱን ከዓሣ ቅርፊትና ከወፍ ላባ ጋር አመሳስሎታል። እውነትም ፎቶውን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

የአትክልት ቦታውም ሥራ ሰጥቶታል። ወፎች በመረቡ ሥር ሾልከው እንጆሪ ሲለቅሙ አየና፣ በ1883 «የእንጆሪ ሌባ» የተባለውን የታወቀ የጨርቅ ንድፍ ሠራ። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ጨርቁ በሙሉ በኢንዲጎ ሰማያዊ ይነከራል። ከዚያ ንድፉ ያለበት ቦታ ቀለሙ ተለቆ ይነጣል። ቀዩና ቢጫው የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። በወንዙ ዳር ያለው የአኻያ ቅጠልም በ1887 የግድግዳ ወረቀት ሆኗል።

ፎቅ ላይ የሞሪስ የእንጨት አልጋ አለ። የመጋረጃውን ጥልፍ የመራችው ልጁ ሜይ ናት፤ አባቷ ለአልጋው የጻፈው ግጥምም ተጠልፎበታል። እሷ ራሷ ጎበዝ ባለሙያ ነበረች፣ በአባቷ ስም ብቻ መነሳቷ ያሳዝነኛል። በ1938 እስክትሞት እዚያው ኖራለች። ከ1962 ጀምሮ ቤቱን የያዘው የለንደን የጥንታዊ ቅርስ አጥኚዎች ማኅበር ነው፤ ለጎብኚም ክፍት ነው።

ሞሪስ በጥቅምት 1896 ሲሞት፣ አስከሬኑ በቅጠል ባጌጠ የገበሬ ጋሪ ተጭኖ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ። የመቃብሩን ድንጋይ የነደፈው ወዳጁ አርክቴክት ፊሊፕ ዌብ ነው። ቅርጹ ጣሪያ ይመስላል።