የክፍያ ድልድይ ምንድን ነው? የስዊንፎርድ 5 ፔንስ

የክፍያ ድልድይ ማለት ለመሻገር ገንዘብ የሚከፈልበት ድልድይ ነው። በአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ የነዳ ሰው አሠራሩን በከፊል ያውቀዋል፤ እዚያ ግን የሚከፈለው በተጓዙት ርቀት ልክ ነው። ከጥንቱ ኬላም ይለያል፤ ኬላ የሚቀርጠው ሸቀጡን ነው፣ ድልድይ የሚያስከፍለው መሻገሩን።

እንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ በስተምዕራብ፣ ኤንሻም አጠገብ በቴምዝ ወንዝ ላይ ያለው የስዊንፎርድ ድልድይ ነገሩን ከሥሩ ያሳያል። እዚያ ቀድሞ የሚሻገሩት በጀልባ ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ መሻገር አደጋ ነበረው። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሲሻገሩ ስለ ረጠቡ ድልድይ ይሠራ ብለው አዘዙ ይባላል። ይህ አፈ ታሪክ ነው። የሰነድ ማስረጃ ያለው እ.ኤ.አ. በ1767 የወጣው የፓርላማ ሕግ ነው። ሕጉ የአቢንግደን አራተኛው ኧርል (ኧርል የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው)፣ ዊሎቢ በርቲ፣ ድልድዩን እንዲያሠሩ ፈቀደ፤ በ1769 ለመንገደኛ ተከፈተ።

ውሉ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ፓርላማው ለኧርሉ የሰጠው መብት ነው፤ ከሚሻገረው ሁሉ እንዲያስከፍሉ፣ ከክፍያው ገቢ ግብር እንዳይጠየቁ፣ ከድልድዩ ሽቅብም ቁልቁልም እስከ 3 ማይል፣ ማለትም 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሌላ ድልድይ እንዳይሠራባቸው። መብቱ ለወራሾቻቸውና ለሚሸጡላቸውም ይተላለፋል። ማብቂያ ቀን የለውም። በዚያው ዘመን የክፍያ መንገዶችን የሚያስተዳድሩ ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድላቸው ለ21 ዓመት ነበር፤ ሲያልቅ እንደገና ፓርላማ ፊት ይቀርባሉ። የስዊንፎርድ ባለቤት ግን እንዲህ ያለ ቀጠሮ የለበትም። በእኛ አስተያየት የችግሩ ሥር ክፍያው ሳይሆን ይህ የጊዜ ገደብ መቅረቱ ነው።

ዋጋውን ባለቤቱ እንደፈለገ አይጨምርም። በ1954 በወጣ ሕግ መሠረት ለትራንስፖርት ሚኒስትሩ ያመለክታል፤ ተቃውሞ ከመጣ ጉዳዩ በይፋ ሊመረመር ይችላል። የአንድ መኪና ክፍያ 2 ፔንስ (100 ፔንስ አንድ ፓውንድ ነው) ነበር፣ በ1994 ወደ 5 ፔንስ አደገ። ከባድ መኪና የሚከፍለው እንደ አክስሉ ቁጥር ነው። እግረኛ፣ ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት በነፃ ያልፋሉ።

የአካባቢውን ሰው የሚያማርረው 5 ፔንሱ አይደለም፣ ሰልፉ ነው። በዓመት 4 ሚሊዮን ገደማ ተሽከርካሪ ያልፋል፤ በቀን ሲካፈል ወደ 11,000 ይጠጋል። አንድ ሹፌር ቆሞ፣ መስኮት አውርዶ፣ ሳንቲም አቀብሎ እስኪነሳ 5 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ አንድ ገንዘብ ሰብሳቢ በሰዓት ከ720 መኪና በላይ ማሳለፍ አይችልም። መልስ የሚጠብቅ አንድ ሰው ሲገባበት ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳል። ክፍያው ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደውም፣ ማታ የሚመለሰውም ይቆማል። በሰሜን በኩል ወደ ኦክስፎርድ የሚወስደው ኤ-40 መንገድም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ስለሚጨናነቅ፣ ብዙዎች ሰልፉን ታግሰው በድልድዩ መሄድን ይመርጣሉ።

ታዲያ ለምን አይነሣም? መብቱ በፓርላማ ሕግ የተሰጠ ንብረት ስለሆነ የሚጠፋው በሌላ ሕግ ወይም በግዢ ነው፤ ግዢውም ርካሽ አይደለም። በ2009 ድልድዩ በጨረታ ሲወጣ በ1.08 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። የዓመት ገቢው 195,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። አዲሱ ባለቤት ከድልድዩ ጋር የሰብሳቢዎቹን ደመወዝና የጥገናውን ኃላፊነት ተረከበ፤ ከ1767 ጀምሮ የዘለቀውን የግብር ነፃነትም እንዲሁ።