ጌታ ልጅ ሳለ፦ እኛ ጋ የሚባለውና ወንጌሉ የሚለው

ጎጃም ውስጥ ጥጃ እየጠበቅን ስናድግ፣ ከወንዝ ዳር ጭቃ አቡክተን በሬ እንሠራ ነበር። አያቴ ስታልፍ ታየንና «ጌታም እንዲህ ሲጫወት የጭቃ ወፏን እፍ ቢላት በረረች» ትለናለች። እኛም በሬያችንን እፍ እንላለን። አንድም የተነሣ የለም። ስለ ጌታ ልጅነት የሰማነው ከፊሉ ከወንጌል፣ ከፊሉ ከተአምር፣ ከፊሉ ከምድጃ ዳር ስለሆነ ተቀላቅሎብናል። እስቲ ትንሽ እንለየው።

«የወፎቹ ታሪክ ወንጌል ላይ አለ»

የለም። አራቱንም ወንጌላት ብታገላብጡ አታገኙትም። ታሪኩ ጥንታዊ ነው፤ እኛ ጋ የሚታወቀው በተአምረ ኢየሱስ ነው። የዮሐንስ ወንጌል ግን የቃናውን ወይን ጠጅ «የምልክቶች መጀመሪያ» ይለዋል። ደግሞ የናዝሬትን ሰዎች እዩ። አድጎ ሲያስተምራቸው ይህን ጥበብና ተአምራት ከየት አመጣው ብለው ተገረሙ። የጭቃ ወፍ ሲያበርር ያዩት ልጅ ቢሆን ኖሮ ምን ይገርማቸዋል? ለጎረቤት እንደ ማንኛውም የመንደር ልጅ ነበር ማለት ነው። (አያቴን ግን አላረምኳትም።)

«ወንጌል ስለ ልጅነቱ ምንም አይልም»

ይህ ደግሞ ተምረናል የምንለው ሰዎች ስህተት ነው። ሉቃስ ትንሽ ነገር ትቶልናል። በ8ኛው ቀን ተገረዘ። የመንጻት ወራት ሲፈጸም ወደ ቤተ መቅደስ ወሰዱት፤ በኦሪት ለወንድ ልጅ 40 ቀን ነው። የጎጃም እናት ይህን የሚተረጉምላት መምህር አያስፈልጋትም። ልጇን በ8 ቀኑ ታስገርዛለች፣ በ40 ቀኑ ክርስትና ታስነሣለች። መሥዋዕቱ ደግሞ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ነው። ዘሌዋውያን 12 ላይ በግ መግዣ ያጣች እናት የምታቀርበው ነው። የድሃ ቤት ነበር።

«ስደቱ ጣና መድረሱ ወንጌል ላይ ተጽፏል»

ማቴዎስ የሚያነሣው ግብጽን ብቻ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ በጣና ቂርቆስ 3 ወር ከ10 ቀን ተቀመጠች የሚለው የገዳሙ ትውፊት ነው። ትውፊቱን ትውፊት ብሎ መጥራት ክብሩን አይቀንሰውም።

«እረኛ ነበር»

ከገና ጨዋታችን የመጣ ይመስለኛል። ልደቱን የሰሙት እረኞች ናቸው፤ እሱ ከብት ጠበቀ የሚል ግን የለም። ያደገበት ቤት የባለእጅ ቤት ነው። ወንጌሉ ዮሴፍን ጸራቢ ይለዋል። የግሪኩ ቃል «ቴክቶን» ከእንጨት ሠሪ ሰፋ ያለ ነው፤ ግንበኛንም ሊጨምር ይችላል። ይህን ሳስብ ትንሽ አፍራለሁ። በእኛ አገር ገበሬው ሲከበር፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ጠይብ» ተብለው ሲገፉ፣ ጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል። የናዝሬት ሰዎችም «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» ያሉት ሊያሞግሱት አልነበረም።

«በቤተ መቅደስ ሊቃውንቱን ሲያስተምር ተገኘ»

ሥዕሉ ላይ እንዲያ ነው። ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ሽማግሌዎቹ ከሥሩ። ሉቃስ ግን «ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም» ነው ያለው። በመልሱ ተደንቀዋል፣ ልክ ነው። ቢሆንም የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማል፣ ይጠይቃል። የዋሸራን ቅኔ ቤት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ተማሪ ያውቀዋል፤ መሽቶም ጥያቄው የማያልቅ።

ሥዕሉ የማያሳየው ሌላም ነገር አለ። ንግሥ ሄደን ስንመለስ ልጅ ከማን ጋር እንዳለ ማን ይቆጥራል? አክስት ጋ ይሆናል፣ ጎረቤት ጋ ይሆናል። ዮሴፍና ማርያምም ከበዓሉ ሲመለሱ ልጁ ከመንገደኞች ጋር መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዘመድ ከወዳጅ ፈለጉ፣ አጡት። ከሦስት ቀን በኋላ ሲያገኙት እናቱ «ልጄ ሆይ፥ ለምን እንዲህ አደረግህብን?» አለችው።

አያቴ ስለ ወፎቹ ስታወራ ትስቅ ነበር። እዚህ ጋ ሲደረስ ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ታነሣለች። አንድ የገበያ ቀን እኔን አጥታኝ ታውቃለች።