ሰው ሠራሽ የሄፓሪን ማርከሻ ምንድን ነው?

ልቡን የሚከፈት ታካሚ ደሙ ከሰውነቱ ወጥቶ በማሽን ውስጥ ዞሮ ይመለሳል። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋልና፣ አስቀድሞ ሄፓሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ በብዛት ይሰጠዋል። ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ግን የሄፓሪኑ ሥራ ወዲያው መቆም አለበት፤ አለዚያ ስፌቱ መድማቱን አያቆምም። ይህን የሚያደርገው መድኃኒት ነው ማርከሻ የሚባለው።

ዛሬ በሆስፒታሎች ያለው ማርከሻ ፕሮታሚን ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚገኘው ከሳልሞን ዓሣ የዘር ፈሳሽ ነው። ፍሪድሪክ ሚሸር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1874 አገኘው፤ ሄፓሪንን እንደሚያከሽፍ የታወቀው ደግሞ በ1937 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሄፓሪን በኔጋቲቭ ቻርጅ የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ፕሮታሚን ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣበቃሉ፣ ሄፓሪኑም ሥራውን ያቆማል።

ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ቻርጅ አይመርጥም። የቀይ የደም ሴሎች ገጽ፣ የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ፣ ለደም መርጋት የሚያስፈልገው ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ሁሉም ኔጋቲቭ ናቸው፤ ፕሮታሚን ከእነሱም ጋር ይጣበቃል። በዚህም በሌላም ምክንያት የአንዳንዱ ታካሚ የደም ግፊት ድንገት ይወርዳል፣ የሳንባው ደም ሥር ግፊት ይጨምራል፣ አልፎ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ይነሳል። መጠኑ ካለፈ ደግሞ ፕሮታሚን ራሱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ስለዚህ የሰመመን ሐኪሙ ለ100 ዩኒት ሄፓሪን 1 ሚሊግራም ገደማ አስልቶ፣ በ10 ደቂቃ ከ50 ሚሊግራም ሳያልፍ፣ ዓይኑን ከግፊት መለኪያው ሳይነቅል ቀስ ብሎ ይሰጣል። በማሽኑ ጊዜ ብዙ ጊዜ ከ480 ሰከንድ በላይ እንዲሆን የሚደረገው የደም መርጊያ ጊዜ ወደ ቦታው መመለሱም ይለካል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለማርከሻው ነው!

ሌላም ጉድለት አለው። በዎርድ በብዛት የሚሰጠውን፣ ኢኖክሳፓሪን የተባለውን የሄፓሪን ዘመድ፣ የሚያከሽፈው በከፊል ብቻ ነው፤ ፎንዳፓሪነክስ የተባለውን ሌላ ደም ማቅጠኛ ጭራሽ አያከሽፍም።

በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሰው ሠራሽ ማርከሻ፣ ዩኤችአርኤ የሚባለው፣ ይህን ለማረም የታሰበ ነው። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚያድግ ሞለኪውል ነው። ፖዘቲቭ የሆኑት መያዣዎቹ በውስጥ ተሰግስገዋል፤ ውጪውን ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባል፣ በመድኃኒት ሥራ የተለመደ ውሃ ወዳድ ቁስ አጭር አጭር ሰንሰለቶች ይሸፍኑታል። ሄፓሪን ቻርጁ እጅግ የታመቀ ስለሆነ ሽፋኑን ዘልቆ ከመያዣዎቹ ጋር ይገጣጠማል። የደም ሴሎችና ፕሮቲኖች ግን በሽፋኑ ይታገዳሉ። ለእኔ የሥራው ትልቁ ብልሃት ይህ ሽፋን ነው። ሄፓሪንን የሚይዝ ነገር ማግኘት ከባድ አልነበረም፤ ከባዱ ሌላውን እንዳይነካ ማድረግ ነበር።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጥናት ማርከሻው ተራውን ሄፓሪንም፣ ኢኖክሳፓሪንን የመሰሉትንም፣ ፎንዳፓሪነክስንም አክሽፏል። በሕይወት ባለ አካል የተሞከረው ግን በአይጥ ላይ ነው። ከአይጥ እስከ ታካሚ አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ፣ ሆስፒታሎች ዛሬም የሚይዙት ፕሮታሚንን ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ክኒን የሚወስዱ ሰዎችም ይህ ማርከሻ እንደማይመለከታቸው ይወቁ፤ የዋርፋሪን ማርከሻ ቫይታሚን ኬ ነው።

እስከዚያው አንድ ነገር ልብ በሉ። በአገራችን ብዙ የስኳር ሕሙማን የሚወጉት ኤንፒኤች የሚባለው ደመናማ ኢንሱሊን ውስጡ ፕሮታሚን አለበት። እሱን የሚጠቀሙ፣ የዓሣ አለርጂ ያለባቸው፣ ወይም ከዚህ በፊት ፕሮታሚን የተሰጣቸው ሰዎች ለመድኃኒቱ የከፋ አለርጂ የማሳየት ዕድላቸው ከሌላው ከፍ ይላል። ኢንሱሊኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለልብ ወይም ለደም ሥር ቀዶ ሕክምና ስትቀጠሩ ግን ይህን ለሰመመን ሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት።