የምግብ ቧንቧ ካንሰርና የዛሉት ቲ ሴሎች

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ ይላል፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻ ውሃው ራሱ። በ2020 በዓለም ዙሪያ 604 ሺህ ያህል ሰው በዚህ ካንሰር መያዙ ተገምቷል፤ በዚያው ዓመት የሞተው ደግሞ 544 ሺህ ገደማ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኢራንና በቻይና የሚበዛው ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን የሚነሳው ዓይነት ነው። እኛ አገር አርሲና ባሌ በዚህ በሽታ ስማቸው ይነሳል።

ቲ ሴል የታመመን ሴል ለይቶ የሚገድል ነጭ የደም ሴል ነው። ካንሰሩ ውስጥም ሞልቷል። ግን ይዝላል። ለወራት ከካንሰሩ ጋር ተፋጦ ሲኖር ላዩ ላይ ፍሬን ይበዛበታል። ዋናው ፍሬን ፒዲ-1 ይባላል። ካንሰሩ ደግሞ ፒዲ-ኤል1 የሚባል ፕሮቲን አውጥቶ ይህን ፍሬን ይረግጠዋል። ሴሉ አልሞተም፤ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል እንጂ።

ፒዲ-1ን በ1992 ያገኘው የጃፓኑ ታሱኩ ሆንጆ ላቦራቶሪ ነው። ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሌላ ፍሬን መልቀቅ ካንሰርን እንደሚያከስም በ1996 በአይጥ ላይ ያሳየው ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ነው። በ2018 ኖቤልን ተካፈሉ።

ዛሬ እነዚህን ፍሬኖች የሚለቁ መድኃኒቶች አሉ። ታዲያ አንዱ መድኃኒት ለምን አይበቃም? የዛለ ቲ ሴል ሁሉ አንድ አይደለም። ክፉኛ የዛለው ፍሬኑ ቢለቀቅለትም እንደ ድሮው አይሆንም፤ ጂኖቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት መንገድ ራሱ ተለውጧል። የሚነቃው በአብዛኛው ገና ሙሉ በሙሉ ያልዛለው፣ ተጠባባቂ የሚመስለው ክፍል ነው። ተጠባባቂው ካለቀ መድኃኒቱ ማንን ይቀስቅስ? እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው መድኃኒት የሚገባው። ሲቲኤልኤ-4 በዋናነት የሚሠራው ንፍፊት ውስጥ፣ ቲ ሴሉ ጠላቱን ገና ሲተዋወቅ ነው። ኢፒሊሙማብ የተባለው መድኃኒት እዚያ ያለውን ፍሬን ይለቅና አዳዲስ ቲ ሴሎች እንዲወጡ ያግዛል። የፒዲ-1ን ፍሬን የሚለቀው ኒቮሉማብ ደግሞ ካንሰሩ ውስጥ ያሉትን ያነቃል።

ቼክሜት 648 የተባለው ጥናት 970 ሕመምተኞችን ይዞ ይህንን ፈተነ። ፒዲ-ኤል1 ከሚታይባቸው መካከል ኬሞ (የተለመደው ካንሰር ገዳይ መድኃኒት) ብቻ ከወሰዱት ግማሹ ቢያንስ 9.1 ወር ኖረ። ሁለቱን መድኃኒቶች ያለ ኬሞ ከወሰዱት ግማሹ ቢያንስ 13.7 ወር፣ ኒቮሉማብን ከኬሞ ጋር ከወሰዱት ግማሹ ቢያንስ 15.4 ወር ኖረ። አሜሪካ ሁለቱንም አማራጮች በግንቦት 2022 ፈቀደች። ወራት ናቸው፤ ትንሽ የሚመስለው ግን ላልታመመ ሰው ነው። ያለ ኬሞ የሚሰጠው ጥምረት አንድ ጣጣ አለው፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኬሞ ይልቅ ብዙ ሰው ይሞትበታል። ቲ ሴል እስኪነቃ ጊዜ ይፈልጋል፣ ካንሰሩ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በፍጥነት ለሚያድግ ዕጢ ብዙ ሐኪሞች ኬሞ ያለበትን ይመርጣሉ።

ቲጂት የሚባለውን ሦስተኛ ፍሬን የመልቀቅ ሙከራም አለ። በሳንባ ካንሰር ላይ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም።

ፍሬኑ ደግሞ ለከንቱ አልተቀመጠም። ሲለቀቅ ቲ ሴሉ የገዛ ሰውነትን፣ ማለትም አንጀትን፣ ሳንባን፣ የእንቅርት ዕጢን ሊያጠቃ ይችላል። ኢፒሊሙማብንና ኒቮሉማብን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ሲይዘው «ያልፋል» ብሎ አይቀመጥም፤ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይናገራል። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ የሰውነትን መከላከያ በሚያረጋጋው ስቴሮይድ ይበርዳል።